«እግዜር ይስጥህ» ስንል

በአማርኛችን ሁለት ፊት ያለው አንድ ቃል አለ። እጁን ዘርግቶ የተቀበለ ድኻ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ይህ ምስጋና ነው። እጁን ወደ ኪሱ ሳይሰድ የሚያልፈውም ሰው «እግዜር ይስጥህ» ይላል፤ ይህ ደግሞ በትሕትና የተሸፈነ እምቢታ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለአምስት ደቂቃ ያህል የቆመ ሰው ሁለቱንም በአንድነት ይሰማል። ተቀባዩም ነፋጊውም የሚጠሩት አንድ እግዚአብሔርን ነው፤ አንደኛው ብድር እንዲከፍልለት፣ ሌላው ግን በእርሱ ፈንታ እንዲሰጥለት።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ይህን የምለው ቃሉን ለማውገዝ አይደለም። አባቶቻችን ድኻን በዝምታ ማለፍን እንደ ነውር ይቆጥሩ ስለ ነበር፣ ባዶ እጁን ያለ ሰው ቢያንስ ምርቃት ይስጥ ብለው ያወጡት ልማድ ይመስለኛል። እውነተኛው ሰጪ እግዚአብሔር መሆኑንም ይመሰክራል። ነገር ግን ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ የሚወቅሰው ይህንኑ ዓይነት ምርቃት ነው፤ የተራቆተውንና የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድም በመልካም ቃል ሸኝቶ ለሥጋው የሚያስፈልገውን አለመስጠት ምን ይጠቅማል ይለናል። ሐዋርያው አማርኛ ባያውቅም የእኛን ደጃፍ ያየ ይመስላል።

ለሚለምነን ሁሉ መስጠት ግን ማንም አይቻለውም። ከዚህም የተነሣ ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ከኪሳችን ሳይሆን ከልባችን ነው። ርኅራኄ በውስጣችን የሚሰማን ስሜት ከሆነ፣ ስሜቱ ባልመጣበት ቀን ዕዳ የለብንም ማለት ነውን? ርኅራኄ ግዴታ ከሆነስ፣ ልብ ሳይነካ የሚሰጥ ምጽዋት ግብዝነት አይሆንምን? ይህን ጥያቄ በዘርአ ክህነት ሳለሁ በመጽሐፍ አውቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አልጋ ላይ የቀረ ወላጅ የሚያስታምሙ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ምእመናን በየጊዜው ያቀርቡልኛል። «አባ፣ ድሮ ሳያት አለቅስ ነበር፤ አሁን ግን አጥባታለሁ፣ አጎርሳታለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። ፍቅሬ አልቆ ይሆን?» ይላሉ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው የሚጠብቀው የቃላት ትርጓሜ አይደለም፤ ፊቱን አይቶ መልስ መስጠት ያስፈልጋል።

መልሱን ለመፈለግ ከቋንቋ ብንጀምር ይጠቅመናል። በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ምሕረትን የሚያመለክተው «ራሐሚም» የሚለው ቃል ማሕፀንን ከሚያመለክተው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። በግሪኩ ወንጌል ደግሞ ጌታችን ለሕዝቡ አዘነ ሲባል ወንጌላውያኑ የተጠቀሙበት ግሥ ከሆድ ዕቃ፣ ከአንጀት ስም የወጣ ነው። ሉቃስ በወንጌሉ ይህን ግሥ ሦስት ጊዜ ብቻ ይጠቀምበታል፤ ጌታ በናይን ልጇ የሞተባትን መበለት ባየ ጊዜ፣ ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው ባየ ጊዜ፣ አባትም የጠፋውን ልጁን ገና ከሩቅ ባየ ጊዜ። የአውሮፓ ሊቃውንት ይህን ቃል ለተማሪዎቻቸው ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይጽፋሉ። ለእኛ ግን ብዙ ማብራሪያ አያሻንም፤ «አንጀቴን በላው» የሚል ሕዝብ ነንና። ልጅ ሲያለቅስ የእናት አንጀት ይላወሳል፤ የጨከነውንም ሰው «አንጀትህ እንዴት ቻለ?» ብለን እንጠይቀዋለን። እንግዲህ ወንጌሉም የእናቶቻችን አነጋገርም በዚህ ይስማማሉ፤ ርኅራኄ መጀመሪያ ሥጋችንን የሚነካ ነገር ነው፣ ሐሳብ ከመሆኑ በፊት ሕመም ነው።

ይህንኑ ሕመም አጥብቆ የጠረጠረ ጥንታዊ ፈላስፋ አለ። ከኢስጦኢኮች ወገን የነበረው ሴኔካ ለንጉሠ ነገሥት ኔሮን ስለ ምሕረት በጻፈው መጽሐፍ፣ ጠቢብ ሰው ለተቸገረው ይረዳል፣ የወደቀውን ያነሣል፣ ነገር ግን አብሮ አያዝንም ይላል። ለእርሱ ኀዘኔታ የደካማ ነፍስ በሽታ ነው። አስተያየቱን በችኮላ አንጣለው። በሰው ችግር ላይ ማልቀስ ለራስ ደስ የሚል ነገር ሊሆን እንደሚችል፣ እንባውም ከደረቀ በኋላ ምንም ሥራ ሳይተው እንደሚያልፍ እያንዳንዳችን እናውቃለን። በቴሌቪዥን የተራቡ ሕፃናትን አይተን አልቅሰን፣ በዚያው ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ የተኛን ጥቂቶች አይደለንም። ይሁን እንጂ ሴኔካ ሳያዝን የሚረዳውን ሰው ሲያመሰግን፣ የሚረዳውን እንጂ የሚረዳለትን አላሰበም። የተኛ በሽተኛ የሚያጥበው እጅ በበረዶ የተሠራ መሆኑን ያውቃል። ጌታችንም ሊያስነሣው ወስኖ ወደ አልዓዛር መቃብር በመጣ ጊዜ፣ ተአምሩ ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው እንኳ አልቅሷል።

ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በሱማ ቴዎሎጊካው ሁለተኛ ክፍል ስለ ምሕረት ሲያስተምር ለሁለቱም ቦታ ይሰጣል። በሥጋዊ ስሜታችን የሚነሣው ኀዘን ገና ምግባር አይደለም፤ መልካምም ክፉም ሊሆን የሚችል የነፍስ እንቅስቃሴ ነው። ይህ እንቅስቃሴ በአእምሮ ተመርቶ፣ በፈቃድ ጸንቶ፣ የሌላውን ጉድለት ወደ መሙላት ሲሄድ ያን ጊዜ ምግባር ይሆናል። ስለዚህ ያቺ እናቷን የምታስታምመው እኅታችን ፍቅሯ አላለቀም። ቀድሞ በአንጀቷ የነበረው አሁን ወደ እጇ ወርዷል። ስሜቱ ዘር ነበር፤ ዘር ደግሞ መሬት ውስጥ ሲገባ ከዓይን ይሰወራል።

ይህን መልስ ስሰጥ ግን ራሴን እጠራጠራለሁ። የደነደነ ሰውም በዚሁ መልስ ሊጽናና ይችላልና። «አይሰማኝም፣ ግን እሰጣለሁ» የሚል ሰው እውነተኛ ታጋሽ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እንደ ግብር ከፋይ ከፍሎ ደረሰኙን የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለያቸው ነገር ምንድን ነው? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን ምሳሌ ደጋግሜ ሳነብ አንዳንድ ነገር አገኛለሁ።

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ፣ ደረቅና ገደላማ ምድረ በዳ ነው። ካህኑ የሞተ ሰው ነክቶ እንዳይረክስ ፈርቶ አለፈ እያልን ብዙ ጊዜ እንሰብካለን። ወንጌሉ ግን ካህኑ በዚያ መንገድ ይወርድ ነበር ነው የሚለው፤ ይኸውም ጀርባውን ለኢየሩሳሌም ሰጥቶ ነበር። ወደ ቤተ መቅደስ ለአገልግሎት የሚሄድ አልነበረም። ቢያገለግልም ኖሮ አገልግሎቱን ጨርሷል። እኔ ካህን ነኝና ይህ ነገር ይወጋኛል፤ ከቅዳሴ ወጥቶ ወደ ምሳው የሚቸኩል ሰው ይታየኛል።

ሳምራዊው ደግሞ እኛ እንደምንስለው ሁሉን ትቶ በቆሰለው ሰው አጠገብ የተቀመጠ ሰው አይደለም። አነጀቱ ተላወሰ፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰለት፣ በገዛ እንስሳው ጫነው፣ ያቺን ሌሊት አስታመመው። በማግሥቱ ግን መንገዱን ቀጠለ። ሁለት ዲናር ከፍሎ፣ የተረፈውን ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ፣ በሽተኛውን ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ዐደራ ሰጠው። ስለዚህ ጠባቂ የሚሰብክ ካህን እምብዛም አላጋጠመኝም። ሆኖም ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ቁስሉን ያጠበው፣ ሾርባውን ያበሰለው እርሱ ነው፤ ያውም በክፍያ። ስሜት ተሰምቶት ይሁን አይሁን ወንጌሉ አይነግረንም። ሳምራዊው ስሜቱ እስከ መጨረሻው እንደማይዘልቅ፣ ጉዳዩም እንደሚጠራው ያወቀ ሰው ይመስላል፤ ስለዚህ ርኅራኄውን በቃል ኪዳን አሠረው። እመለሳለሁ አለ። ደረሰኝ ከሚጠብቀው ሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ያ ከፍሎ ይገላገላል፣ ይህ ከፍሎ ራሱን ባለዕዳ አደረገ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ስቃይ ክርስቲያናዊ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ደጉ ሳምራዊ ማለት በሌላው ስቃይ አጠገብ የሚቆም ሰው ሁሉ ነው ብለው አስተምረዋል። መቆሙ ግን ለማየት ጉጉት ሳይሆን ራስን ለማዋል ነው። ዛሬ ይህን ማለት የበለጠ ያስፈልጋል። በመንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ የሚቆም ሰው አልጠፋም፤ ነገር ግን ከቆሙት ብዙዎቹ በአንድ እጃቸው ስልካቸውን ከፍ አድርገው ፎቶግራፍ የሚያነሡ ናቸው። በየድኻው ቤት ዱቄትና ዘይት ይዘው ገብተው፣ የተቀባዩን እንባ ለሕዝብ የሚያሳዩም አሉ። እኛም ብንሆን ከዚህ ንጹሓን አይደለንም። ለፋሲካ እርዳታ ስናከፋፍል የድኾችን ስም ዝርዝር በአደባባይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን የምናነብ ቁምስናዎች አለን። ስሙ የተጠራው አባወራ ልጆቹ እያዩት ሲነሣ ምን እንደሚሰማው ጠይቀን እናውቃለን?

ከአገራችን ሰዎች ሕይወት ይህን ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ያስረዳኝ የወይዘሮ አበበች ጎበና ታሪክ ነው። እርሳቸው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ በሄዱ ጊዜ በወሎ ረኃብ ነበረ። ከሞተች እናቷ ጡት ሳትለይ የቀረች ሕፃን አገኙ። የያዙት ጥቂት ዳቦና ጠበል ነበር፤ ለተራቡት አካፈሉ፣ ሁለት ሕፃናትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመቱ ሳያልቅ በእጃቸው ያሉት ልጆች 21 ሆኑ። ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው ይህን አልወደዱም፤ ከትዳርና ከልጆቹ ምረጪ የሚል ነገር መጣ፣ እርሳቸውም ከቤታቸው ወጡ።

የሕፃኒቱን ነገር የሚሰማ ሁሉ አንጀቱ ይላወሳል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወይዘሮ አበበች እነዚያን ልጆች ያሳደጉት ቆሎ ቆልተው፣ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ነው። በግሸን መንገድ ላይ የተነሣው ኀዘን አንድ ሕፃን ያነሣል፤ ሃያ አንደኛውን ልጅ ያበላው ግን ቆሎው ነው። ሌሊት ተነሥቶ ምጣድ ሲጣድ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል እንጂ ከሰማይ የሚወርድ የኀዘኔታ ስሜት የለም። በዚህ ዓይነት የተጀመረው ቤት ታላቅ የሕፃናት መርጃ ድርጅት ሆኖ፣ ወይዘሮ አበበች እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ ደክመውበታል። ባለቤታቸውን ደግሞ ለመኮነን አልቸኩልም። እርሳቸው የተናገሩት አብዛኞቻችን በየቤታችን የምንናገረውን ነው፤ ርኅራኄ ጎረቤታችን ሲያደርገው እናመሰግነዋለን፣ በጓዳችን ሲገባ ግን ያስፈራናል።

ሕዝባችን «ማዘር ተሬዛ» የሚላቸው ቅድስት ተሬዛ ዘካልካታ ገዳማውያት እኅቶቻቸውን ወደ አገራችን ያመጡት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውን ቤታቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው። ካረፉ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ለነፍስ አባቶቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች ታተሙ። እኚህ ሁሌ ፈገግ የሚሉ እናት ለአያሌ ዐሥርተ ዓመታት በጸሎታቸው ጨለማና ድርቀት እንጂ መጽናናት አልተሰማቸውም ነበር። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ጋዜጦች ይህን እንደ ጉድ አወሩት። ድርቀቱ በጸሎታቸው እንጂ በድኾች ላይ እንዳልነበረ መለየት ይገባል፤ ሆኖም ስሜት የፍቅር መለኪያ ከሆነ እርሳቸው ከእግዚአብሔር ፍቅር ባዶ ነበሩ ማለት ሊሆን ነው። ይህንን ለመናገር የሚደፍር ሰው በእነዚያ እኅቶች ቤት አንድ ቀን የበሽተኛ ልብስ ቢያጥብ መልካም ነው።

ስለ እድርም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቅዱስ ቶማስ ራሳቸውን ደስተኞችና ኃያላን አድርገው የሚቆጥሩ፣ ክፉ ነገር አያገኘንም የሚሉ ሰዎች ለርኅራኄ እንደሚሰንፉ ይናገራል። እድርተኛ ግን ሞት የማን እንደሚሆን ስለማያውቅ የዛሬውን አስከሬን ሲሸከም የነገውን ያስባል፤ ድንኳን ተካዩም ሆነ ንፍሮ ቀቃይዋ ተሰማት አልተሰማት ብሎ የሚጠይቅ የለም። አባቶቻችን ርኅራኄን በስሜት ላይ ሳይሆን በመዋጮና በተራ ላይ አቆሙት፤ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን መዋጮውን መክፈል አቅቶት ስሙ ከመዝገብ የተሰረዘው ሰውስ? ሳምራዊው በመንገድ ላይ ያገኘው ሰው የእድሩ አባል አልነበረም።

አታላይ ለማኝ እንዳለ፣ ሕፃን ተከራይቶ የሚለምን እንዳለ ይነገራል፤ እውነት ነው። ከጥንታውያን የቤተ ክርስቲያን ጽሑፎች አንዱ የሆነው ዲዳኬ እንኳ ምጽዋት ለማን እንደሚሰጥ አስተውሎ መስጠትን ያሳስባል፣ ሳይቸገር የሚቀበለውንም ያስጠነቅቃል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ ስለ ድኻው አልዓዛር ባደረጋቸው ስብከቶች የድኻን ኑሮ እንደ ዳኛ መመርመርን ይነቅፋል፤ አብርሃም እንግዶቹን ማን ናችሁ ብሎ ቢመረምር ኖሮ መላእክትን ባልተቀበለ ነበር። እኔ በዚህ ነገር ወደ አፈወርቅ አደላለሁ። ጥንቃቄ መልካም ነው፤ ነገር ግን በራሴ እንዳየሁት ጥንቃቄዬ የሚበረታው ብዙ ጊዜ በደከመኝ ቀን ነው።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ስላጋጠመኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ቁምስና ባሏ ታሞ የተኛባት አንዲት ሴት ሐሙስ ሐሙስ ትመጣ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ታሪኳን ስትነግረኝ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልሁም፤ ከሚያስፈልጋትም በላይ ሰጠኋት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር የመድኃኒቱን መግዣ ከድኾች ሣጥን እያወጣሁ እሰጣት ነበር። በአራተኛው ወር ድምፅዋን ከበር ስሰማ ውስጤ መጨፍገግ ጀመረ። እውነት ትናገራለች ወይ፣ ባልዋስ በእርግጥ አለ ወይ የሚሉ ጥያቄዎች የመጡብኝ ያን ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ወር አንዱም አልመጣም ነበር። አንድ ጊዜ ራሴ ወጥቼ «እግዜር ይስጥሽ» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ቀጥሎ በመጣው ሐሙስ ግን ለመውጣትም አፈርሁና ለቁምስናው ዘበኛ፣ በዕድሜ አባቴ ለሚሆኑት ሰው፣ «አባ የሉም በሏት» አልኋቸው።

ሽማግሌው ወጡ፤ ቆይተው ተመለሱ። ነገሩ ስለ ቆየ ምን እንዳሏት ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የሉም ማለቱ አልሆነልኝም። ዛሬ ደክሟቸዋል አልኋት» አሉኝ።

«እርሷስ ምን አለች?»

«‹እግዜር ያበርታቸው› ብላ ሄደች።»

ወደ በሩ ወጥቼ አየሁ፤ መንገዱ ላይ አልነበረችም። ቤቷ የት እንደሆነ ዘበኛውን ብጠይቃቸው ያውቁ ነበር፤ ባልዋ በእርግጥ ሁለት ዓመት እንደተኛም ያውቁ ነበር፤ እኔ ጠይቄያቸው ስለማላውቅ አልነገሩኝም። ያን ቀን እንሂድ ለማለት ድፍረት አላገኘሁም። ሳምንቱን ሙሉ ሐሙስን ጠበቅሁ። መጣች፤ ወንበር አቅርቤላት ከዚያን ቀን በፊት ጠይቄ የማላውቀውን ስሟን ጠየቅኋት። ነገረችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ አየችኝ።

«እርስዎስ፣ አባ፣ ድካሙ ተሻለዎት?» አለችኝ።